መስከረምን ያባከንኩበት ሁለተኛ ክፍል

«ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ታስተምሪያለሽ» ስባል የሳቅኩ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ድልድሉ ሲለጠፍ ስሜን 2ኛ «ሐ» ሥር አገኘሁት። «ይኼማ ዕረፍት ነው» አልኩ ለጓደኞቼ። ትንሽ መዝሙር፣ ትንሽ መደመር፣ ከዚያ ወደ ቤት። ጥቅምት ሳያልቅ ድምፄ ተዘግቶ በማርና በሎሚ ነበር የምኖረው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንሽ ልጆችን ለምትረከቡ መምህራን ነው። ልጃችሁን ሁለተኛ ክፍል ያስገባችሁ ወላጆችም ብታነቡት አይጎዳችሁም። እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ነው።

መስከረም ላይ ባሕር ዳር ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም። ክረምቱ ወጣ ተብሎ አልወጣም። ጣና ጢም ብሎ ሞልቷል። የግቢያችን ጭቃ ኮንጎ ጫማ ከእግር ላይ ነጥቆ ያስቀራል። ትምህርት ተጀመረ በተባለበት ሰኞ፣ ስም መጥሪያው ላይ ካሉት 58 ልጆች 23ቱ መጡ። ከጎኔ ያለውን ክፍል የሚያስተምሩት ነባር መምህርት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። «የቀሩትስ የት አሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ከመስቀል በኋላ ነዋ!» አሉኝ፣ እንደማይጠየቅ ነገር።

እኔ ግን አልጠበቅኩም። 23 ልጅ የያዘ ክፍል ጸጥ ያለ ነው። ምዕራፍ አንድን ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዓመታዊ ዕቅዴ ቀድሜ ሄድኩ። ማታ ማታ የትምህርት ዕቅዴን ስሞላ ደስ ይለኝ ነበር። እትዬ በእነዚያው ሁለት ሳምንታት ምን ሲያደርጉ እንደነበር በመስኮት አይቻለሁ። ልጆቹን ሲያስወጧቸውና ሲያስገቧቸው፣ ደብተር ሲያስወጧቸውና ሲያስከትቷቸው ነበር የሚውሉት። «እኚህ ሴትዮ ጡረታቸው ደርሷል ማለት ነው» አልኩ በልቤ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ደመራው ተቃጠለ፣ መስቀል አለፈ። በቀጣዩ ሰኞ የክፍሌን በር ስከፍት 56 ልጅ ተቀምጧል። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አራት፣ አንዳንዱ ላይ አምስት። ግማሾቹ ምዕራፍ አንድን አያውቁትም። ሌሎቹ ጨርሰነዋል ብለው ይጮኻሉ። አንዱ ይጣላል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አምስቱ «ቲቸር ሽንት ቤት» ይላሉ። «ደብተር አውጡ» ብዬ ሁሉም ደብተሩን እስኪያወጣ ሰዓቴን አየሁ። 14 ደቂቃ! ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ቀሪውን እናንተ አስሉት።

ምን አደረግኩ? በልጅነቴ የተደረገብኝን። ሞኒተር መረጥኩ፤ ቁመቱን አይቼ። ስወጣ ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብሎ ስም ይጽፋል፤ እኔ ስመለስ እቀጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሚጢጢ ልጅ እያለቀሰች መጣች። «ቲቸር፣ እርሳሴን ካልሰጠሁት ስሜን ይጽፈዋል» አለችኝ። ቦርሳውን አስከፈትኩት። 11 እርሳስ፣ 4 ላጲስ፣ የተገመሰ ብስኩት። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የስምንት ዓመት ልጅን ፖሊስም ዳኛም አድርጌ የሾምኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ደግሞ እዚያው ዓይኔ ሥር ነበር። ልጁ የማንንም ስም ሙሉውን አይጽፍም ነበር፤ የሁሉንም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነበር የሚጽፈው። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

አለንጋም ይዤ ነበር። «ለማስፈራሪያ ነው» እል ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። አንድ ቀን ግን ሦስት ወንዶች ልጆችን ሰሌዳው ሥር አንበረከኳቸው፣ አንዱንም መዳፉን መታሁት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው አውቃለሁ። ሰምቼ ሳይሆን አንብቤ ነው የማውቀው። ግን 56 ልጅ በአንድ ላይ ሲጮኽ ያነበባችሁት ሁሉ ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል። ጥቅሙን ጠይቁኝ። ልጆቹ ለአሥር ደቂቃ ዝም አሉ። የተመታው ልጅ ግን እስከ ኅዳር ድረስ እጁን አላወጣልኝም።

በዚያ ሁሉ መሀል አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። ሀሁ! ልጆቼ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ያዘንቡታል። ርዕሰ መምህሩ ለሱፐርቪዥን ሲገቡ አንዷን ልጅ አስነስቼ አስባልኳት፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ክፍሉ ተናወጠ። «ጎበዞች!» ብለው ፈርመው ወጡ። እኔም ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ ብዬ ደመደምኩ።

ጉዱ የወጣው በዝናብ ቀን ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ የመጨረሻው የሚመስል ከባድ ዝናብ መጣ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የራስን ድምፅ እንኳ መስማት አይቻልም። በዜማ ማስባል ቀረ። እንግዲህ ምን ላድርግ ብዬ በአለንጋዬ ገበታው ላይ አንድ ፊደል ነካሁ፤ «ቴ»ን። ወደ አንዷ ልጅ ሄጄ ጆሮዬን ሰጠኋት፣ በሹክሹክታ እንድትነግረኝ። ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፣ ለ ሉ ሊ…» ከላይ ጀምራ እየቆጠረች ነው የምትወርደው! «ተ» ላይ ስትደርስ መስመሩ ተምታታባትና እንደገና ከሀ ጀመረች።

ሁለተኛው ልጅም እንደዚያው። ሦስተኛው «ቸ» አለኝ። አራተኛዋ ጨርሶ ፊቷን አዞረች። አሥራ ምናምን ልጅ ዞርኩ። ወዲያው የመለሰልኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ አቶ ስንደዶ ልበለው። ክረምቱን የቄስ ትምህርት ቤት ነው የከረመው። የሚያነበው ደረቅ ስንደዶ ይዞ፣ በጫፏ ፊደሉን እየነካ ነው። የክፍል ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር፤ እኔም አንድ ጊዜ «ያንን ቆሻሻ ጣለው» ብዬዋለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ በዕረፍት ሰዓት እትዬ ጋ ሄድኩ። ነገርኳቸው። ሻያቸውን እያማሰሉ ሳቁ። «የኔታ ይህን ድሮ ነው የነቁበት» አሉኝ። «ልጅ ሀሁን በቃሉ እንደሚይዘው ስለሚያውቁ ነዋ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት።» ነገሩን አውቀው ነበር፤ አስቤው ግን አላውቅም። አቡጊዳ ፊደሉን አዘበራርቆ ነው የሚሄደው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አንዱን ግዕዝ፣ ቀጣዩን ካዕብ፣ ቀጥሎ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ። ዜማው ተቆርጧል፤ ልጁ ፊደሉን ካላየው ማለፍ አይችልም። አቶ ስንደዶንም ጠየቅኩት። «የኔታ እያዘለሉ ነው የሚጠይቁን፣ በስንደዶ ነክተን ነው የምንናገረው» አለኝ። ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ከአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተማርኩ።

በማግስቱ ከብስኩት ካርቶን 20 ካርድ ቆረጥኩ። ከተለያየ መስመር የተለያየ ፊደል ጻፍኩባቸው። በሦስት ቀን ውስጥ 58ቱንም አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። አጭር ዓረፍተ ነገር የሚያነቡ 9 ነበሩ። ፊደሉን እያደናገሩም ቢሆን የሚለዩ 17። የቀሩት 32 ከጥቂት ፊደል በላይ አያውቁም። 32! ሁሉም ግን ሀሁን ይዘፍናሉ። ሁሉም ከአንደኛ ክፍል አልፈው ነው የመጡት፤ ያን ጊዜ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይደግምም ነበርና። ኋላ ሳነብ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘናም በሁለተኛ ክፍል ብዙ ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ማሳየቱን አየሁ። የኔ ክፍል ብቻ አልነበረም። አላጽናናኝም።

ለመምህራን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ውሰዱ ብባል ይኼን እላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ፊደል አዘበራርቃችሁ ጠይቁት። በጋራ የሚመልስ ክፍል ያታልላል። ወላጅም ቤቱ ይህን ማድረግ ይችላል። ቀጥ ብሎ ከሀ የሚጀምር ልጅ ገና ነው።

እንደገና ጀመርኩ። መጽሐፉን ለሁለት ሳምንት ዘጋሁት። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «ከዕቅድ ወደ ኋላ ቀርተሻል» አሉኝ። ካርዶቹን ይዤ ገባሁና «ይምጡና ይጠይቋቸው» አልኳቸው። መጥተው አምስት ልጅ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቅዱ አላነሱብኝም፤ ፎርሙን ግን ሙይ ብለውኛል። ሞላሁት።

እትዬ መስከረምን በምን እንዳሳለፉት የገባኝ ያኔ ነው። ልጅ ደብተር ማውጣትን ካልተማረ አያውቀውም። ለትልቅ ሰው የሚያስቅ ነገር ነው። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ግን «ደብተር አውጡ» አራት ሥራ ነው። ቦርሳውን ማግኘት፣ ከአራት ደብተር ትክክለኛውን መለየት፣ ባዶ ገጽ መፈለግ፣ የተቀረጸ እርሳስ ማግኘት። እኛ እያንዳንዱን ለብቻው ተለማመድን። እንደ ጨዋታ፣ በሰዓት። የደብተሮቹን ሽፋን በቀለም ለየን፤ ለአማርኛ ቀይ ወረቀት፣ ለሒሳብ ሰማያዊ። ቀለም ያልገዛ ቤተሰብ ልጅ በከለር እርሳስ ክብ ሳለበት። በሳምንቱ መጨረሻ 14 ደቂቃው 3 ደቂቃ ሆነ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቢኖራችሁ ስንት ደቂቃ እንዳተረፍን አስሉት። መስከረምን «ያባከኑት» እትዬ ሳይሆኑ እኔ ነበርኩ።

እርሳስ ሌላው ጣጣ ነበር። ልጆቹ በምላጭ ነበር የሚቀርጹት። በየቀኑ ጣት ይቆረጣል፣ በየቀኑ ጠብ ይነሳል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጣሁና 15 እርሳስ ቀርጬ ሞላሁት። እርሳስህ ተሰበረ? ዝም ብለህ ትነሳለህ፣ ያንተን ታስቀምጣለህ፣ የተቀረጸ ትወስዳለህ። ማታ እኔ ሁሉንም በመቅረጫ እቀርጻለሁ። ምላጭ ተከለከለ። በዚህች አንዲት ቆርቆሮ ያገኘሁትን ሰላም በአንድ ወር ቁጣ አላገኘሁትም።

ለሽንት ቤት ሁለት የእንጨት ቁራጭ በሩ አጠገብ ሰቀልኩ፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። እንጨቱ ካለ ይዘህ ትሄዳለህ፣ መጠየቅ የለም። ከሌለ ሰው አለ ማለት ነው፣ ትጠብቃለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሁሉም ልጅ ሽንቱ መጣ። ጉድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰለቻቸው። እባካችሁ በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትተዉት።

ሞኒተርነት ቀረ። በምትኩ በየሳምንቱ የሚዞር ሥራ ሰጠኋቸው። አንዱ ዳስተር ያራግፋል፣ አንዷ ደብተር ታድላለች፣ ሁለቱ ይጠርጋሉ። ከተገመሰው ብስኩት ባለቤት ጀምሮ ሁሉም ተራ ደረሰው። አዎ፣ ያንን 11 እርሳስ የሰበሰበውን ልጅ የእርሳሱ ቆርቆሮ ኃላፊ አደረግኩት። አንድም አልጎደለም። ይልቅ ማታ ቆጥሮ ያስረክበኝ ነበር።

አለንጋውን ቤት ወስጄ አስቀረሁት። ጸጥታ ስፈልግ ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ እነሱ ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ፣ እጅ ወደ ላይ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አወራለሁ። ይህ ለኔ ከባዱ ነበር። ለስምንተኛ ክፍል መጮኽ ለምዶብኛል። ስጮኽ እነሱም ይጮኻሉ፤ ዝቅ ስል አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የተመታውን ልጅ ለብቻው ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምን እንደሚል አላወቀም። «እሺ ቲቸር» ብሎ ሮጠ። በማግስቱ እጁን ያወጣል ብዬ ነበር፤ አላወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይወስዳል።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሩ ላይ ካርድ ይዤ መቆም ጀመርኩ። በስሙ ሰላም እለዋለሁ፣ አንድ ፊደል አሳየዋለሁ፣ አንብቦ ይገባል። ካላወቀው እነግረዋለሁ፣ ደግሞልኝ ይገባል። ትኬት አሉት። ሰልፍ ላይ እያሉ ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን ያስጠናሉ። ያን ያህል አስቤ አልነበረም፤ በአጋጣሚ የመጣ በረከት ነው።

ፊደሉን ከሀ አልጀመርኩም። ቶሎ ቃል የሚወጣባቸውን አስቀደምኩ፤ ለ፣ መ፣ በ፣ ተ፣ ነ። ላም፣ ሎሚ፣ ቤት፣ ልብ፣ ቡና። ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያውቀውን ቃል በራሱ ዓይን ሲያነብ ፊቱ የሚሆነውን ብታዩ! ሀ፣ ሐ፣ ኀ የመሳሰሉትን ሞክሼዎች ወደ መጨረሻ ገፋኋቸው፤ ለጊዜው በአንዱ ብቻ እንጽፋለን አልኩ። ይህች ውሳኔ ኋላ መልሳ ነክሳኛለች፤ እመጣበታለሁ። መልካቸው የሚቀራረቡትን፣ ተና ቸን፣ ነና ኘን፣ ደና ጀን፣ በአንድ ቀን አላስተማርኩም። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት አስገባሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ቅርፁ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ ደንብ የለውም። ድምፁም አንዴ ይሰማል አንዴ ይዋጣል። «ትምህርት» የሚለውን ልጅ ፊደል በፊደል ሲያነበው ስሙት፤ ት… ም… ህ… ር… ት። አምስት ሳድስ ተደርድሮ! ፊደሎቹን ያውቃል፣ ቃሉን ግን አያገኘውም። ስለዚህ ፊደል ከነካ በኋላ «አሁን በፍጥነት፣ እንደምታወራው» እላለሁ። ስለ ማጥበቅና ማላላትም እንደዚሁ። «ገና» ተጽፎ ልጅ እንዴት ያንብበው? በዓሉን ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለውን? ዓረፍተ ነገሩን ካላየሁ እኔም አላውቅ። ልጅ ሁለት ጊዜ አንብቦ የሚያስኬደውን ይመርጣል። ስህተት አትበሉት፤ ይልቅ እያሰበ ነው።

አንድ የተበላሸብኝን ልንገራችሁ። ልጆቹን በችሎታ ለይቼ በሦስት ቡድን አስቀመጥኳቸው። ጎበዝና ሰነፍ እንዳይባል ጣና፣ አባይ፣ ዘጌ ብዬ ሰየምኳቸው። በሁለት ቀኑ አንዲት ልጅ እናቷን «እኔ የሰነፎቹ ዘጌ ውስጥ ነኝ» ብላታለች። ዘጌ ምን አደረገች! ልጅ አይሸወድም። መቀመጫቸውን እንደገና አዘበራረቅኩና ለይቼ ማስነበቡን በተራ አደረግኩት። በቀን 6 ልጅ፣ ለአንዱ 2 ደቂቃ፣ ሌሎቹ ሥዕል ሲስሉ ወይም ሲገለብጡ። በአሥር የትምህርት ቀን ክፍሉ በሙሉ ይዳረሳል። የማንን መቼ እንደሰማሁ ደብተር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡትን ብቻ እሰማ ነበር፤ አውቀዋለሁ ራሴን።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንዱ ልጅ ዴስክ ላይ መተኛት አበዛ። ከሐይቁ ዳር ነው የሚመጣው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ማታ አባቱን ሲያግዝ እያመሸ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ሁለት ቀን በመዝሙር አስነሳሁት፣ ፊቱን ታጠብ አልኩት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ክፍሌ ገብተው ግንባሩን ነኩትና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ንዳድ ነው!» አሉኝ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ግን ከክረምት በኋላ፣ ውኃ በየቦታው ሲያቁር፣ ወባ ይበረታል። ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ነው፣ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሰነፍ ነው ብዬ ስለወሰንኩ አላየሁትም እንጂ። ጤና ጣቢያ ተመርምሮ ወባ ተገኘበት፣ መድኃኒቱን ጨርሶ በሳምንቱ ተመለሰ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ክፍል ውስጥ የሚተኛ ልጅ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ግንባሩን ንኩት። ወላጆችም፣ ልጁ ትኩሳት ካለው ያው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትላኩት፤ አስመርምሩት።

የወላጅ ስብሰባ ላይ 40 ያህል ሰው መጣ፤ አብዛኞቹ እናቶች። ጉልት ትተው፣ የቀን ሥራ አስፈቅደው። ቤት አስጠኑልኝ ብዬ ስጨርስ አንዲት እናት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምኑን ላስጠናው?» ክፍሉ ዝም አለ። ብዙዎቹ ያንኑ ጥያቄ ይዘው እንደመጡ ገባኝ። «እናቴ፣ ማንበብ አይጠበቅብሽም» አልኳት። «እንጀራ ስትጋግሪ አጠገብሽ ይቀመጥና ያንብብልሽ። ጣቱ ፊደሉ ላይ መሆኑን ብቻ እይ። ዓይኑ ጣሪያ ላይ ከሆነ በቃሉ ነው የሚልልሽ።» «ይኼስ አያቅተኝም» ብላ ተቀመጠች። አቶ ስንደዶን አስነሳሁትና እንዴት እንደሚያደርግ አሳያቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ግማሽ ክፍሌ ስንደዶ ይዞ መጣ። ማንም አልሳቀም።

ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ በነዚያው ካርዶችና በአንድ አጭር ታሪክ እንደገና ጠየቅኳቸው። ዓረፍተ ነገር የሚያነቡት 34 ደርሰው ነበር። 17ቱ ቃል በቃል ይሄዳሉ። 7ቱ ግን እስካሁን ፊደል ያምታቱ ነበር። ከነሱ አንዷ ሰሌዳውን ጨርሶ እንደማታየው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከኋላ ነበር የማስቀምጣት፤ ጨዋ ስለሆነች። ጨዋ ልጅን ከኋላ አታስቀምጡ።

የካቲት ላይ የምልክት ሳምንት ብለን ከ20 ልጆችና ከሁለት ወላጆች ጋር እስከ ሐይቁ ዳር በእግር ሄድን፣ መንገድ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ለማንበብ። ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ ምኑ ቅጡ። ወባ ይዞት የነበረው ልጅ ሐይቁ አጠገብ ካለ ቤት በር ላይ ቆመ። «ዓሣ ጥብስ» ይላል። ቆሞ ቀረ። ፊደሎቹን በጣቱ አንድ በአንድ አየር ላይ ነካቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ፣ በጣም ተቆርቁሮ።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች አሳን አልቻሉትም እኮ!»

ያ «በአንዱ ብቻ እንጽፋለን» ያልኩት ነገር መጣብኝ። ሁለቱም ሊጻፍ እንደሚችል፣ ትልቅ ሲሆን እንደሚማረው ነገርኩት። ጽሑፉን እንደገና አየው፣ እኔንም አየኝ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሚያምነው እሱን ነው።

«አባቴን እጠይቀዋለሁ» አለና ሰልፉን ተከተለ።